በጠመንጃው ላይ የተቀረጸው ስም

ሐያት ስዊዘርላንድ ውስጥ ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር ወደሚገኘው የጥንት መሣሪያ ሱቅ የገባችው በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። አቧራ ስትጠርግ የምታያቸውን ምልክቶች እየጠየቀች ተማረች፤ ዛሬ ዋጋ የምትገምተው እሷ ናት።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ጴጥሮስ የሚባሉ ጡረተኛ ከክሎተን ከተማ በባቡር መጡ። ስዊሳዊ ጎረቤታቸው ሲሞት ያወረሳቸውን ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ከነፈቃዱ ይዘዋል።

«የታወቀ የለንደን ባለሙያ ሥራ ነው፤ ስሙም ይኸው» አሉ በኩራት።

ሐያት አፈሙዙን ፈትታ ገለበጠችውና ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ማኅተም አሳየቻቸው።

«ጋሽዬ፣ ይቺ የቤልጅየም ማኅተም ናት። ድሮ ነጋዴዎች ከፋብሪካ በጅምላ እየገዙ ደስ ያላቸውን የእንግሊዝ ስም ያስቀርጹ ነበር። በዚህ ስም የሚጠራ ባለሙያ ጭራሽ አልነበረም።»

«ታዲያ ስንት ያወጣል?»

«ቢበዛ ሦስት መቶ ፍራንክ።»

ጋሽ ጴጥሮስ በሳቅ ፈነዱ። «ጎረቤቴ ሃያ ዓመት ሙሉ በሌለ ሰው ጉራውን ሲነዛብኝ ኖሯላ!»

«እንሽጥልዎት?»

«ኧረ አይሆንም!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ያ ጉራው ራሱ ናፍቆኛል።»

ጠመንጃውን ሳጥኑ ውስጥ መለሱና እየሳቁ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄዱ።