የተገለበጠው ሳህን

አያታችን በሀዋሳው ግቢያችን ጽጌረዳዎቹ ላይ ፀረ ተባይ ከመርጨታቸው በፊት ውሻችንን ቡቺን ያስሩና የውሃ ሳህኑን ይገለብጡ ነበር። “አባባ፣ ቢጠማውስ?” ስላቸው፣ “ጥሙን ይችለዋል ልጄ፤ መርዙን ግን አይችለውም” ይሉኝ ነበር። ሳህኑን መልሰው የሚያቀኑት በማግስቱ፣ በእጃቸው ካጠቡት በኋላ ነው።

ዛሬ አርባቸው ነው። ጠዋት ወንድሜ፣ ጽጌረዳዎቹ ተባይ በልቷቸው እንግዳ ፊት እንዳያሳፍሩን ብሎ ያንኑ መድኃኒት ረጨ። አርባ ቀን ሙሉ ስናለቅስላቸው ከርመን፣ ሳህኑን መገልበጥ ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ስደረድር ቆይቼ ወደ ጓሮ ዞር ስል፣ የሳህኑ ውሃ እስከ ግማሽ ጎድሏል፤ የቀረው ላይ ነጭ ነገር ተንሳፍፏል።

ሳህኑን ገለበጥኩት። “ቡቺ!” ብዬ ተጣራሁ። ደግሜ ተጣራሁ።