የኤርደን ዙ ደጃፍ

ባለፈው እሁድ ልጄ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለው አፓርታማዬ መጥታ ላፕቶፗን ከፈተችና፣ «ማሚ፣ ጁላይ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሞንጎሊያ ልንሄድ ነው፤ ቲኬት ቡክ አድርገናል» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ሐውልቶች የተደረደሩበት ረጅም ግንብ አየሁ።

«ኤርደን ዙ ገዳም ነው» አልኳት።

«ዌይት፣ እንዴት አወቅሽው?»

በወጣትነቴ ሳይቤሪያ ስማር የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ኦዩና ሞንጎሊያዊት ነበረች። በሐምሌ ዕረፍት አገሯ ይዛኝ ሄደች። ገዳሙን እንድናይ ከአያቷ ጋር በጭነት መኪና ተሳፈርን። መንገድ የሚባል የለም፤ ሳሩ ላይ የጎማ ፋና ብቻ። በየድንኳኑ የኮመጠጠ የባዝራ ወተት ያጠጡናል። መጀመሪያ ፊቴን አጨማደድኩ፤ ኋላ ግን ድገሙኝ ማለት ጀመርኩ።

አያቷ በልጅነታቸው እዚያው ገዳም መነኩሴ ነበሩ። መንግሥት መነኮሳቱን ሲያሳድድ አምልጠው ከብት አርቢ ሆኑ፤ ገዳሙም ሙዚየም ተደረገ። «የቤተ መቅደሱ ደጅ ድረስ ይመጣሉ እንጂ አይገቡም» አለችኝ ኦዩና። «በቤቴ ጎብኚ አልሆንም ይላሉ።»

ግንቡ ከፈረሰችው ከካራኮረም ከተማ ድንጋይ ነው የተሠራው ይባላል። ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈው የቤተ መቅደሱ አረንጓዴ ጣራ ላይ ሣር በቅሎበታል። እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም ነበር። ቤተ መቅደሱ በር ላይ ስደርስ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደለመድኩት፣ ሳላስበው ጫማዬን አወለቅሁ።

ጠባቂዋ ሳቀች። «እዚህ ጫማ አይወለቅም» አለችኝ በሩሲያኛ።

«የጸሎት ቤት አይደለም እንዴ?»

 ኦዩና ደረጃው ሥር ለቆሙት አያቷ የተባባልነውን ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው እግሬን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቦት ጫማቸውን ይጎትቱ ጀመር።

«አባባ፣ የእኛ ሰው ጫማ አያወልቅም እኮ!» አለቻቸው ኦዩና።

«ዛሬ እንግዳዋን ተከትዬ ነው የምገባው» አሉ።

ውስጡ የአሮጌ የቅቤ መብራትና የአቧራ ሽታ ነበረው። ሽማግሌው በወርቅ ከተለበጠው ቡድሃ ፊት ቆመው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጸሎት ክልክል ነበር። ጠባቂዋ ግን ጀርባዋን ሰጥታ መስታወት ትወለውል ጀመር። ስንወጣ በተሰባበረ ሩሲያኛ፣ «ወለሉ ይቀዘቅዛል» አሉኝ፤ ሳቅ ብለው።

ልጄ አሁን ገዳሙ ውስጥ መነኮሳት ተመልሰው እንደሚጸልዩ ከስክሪኑ አነበበችልኝ። ሽማግሌው ለዚህ ቀን ይድረሱ አይድረሱ አላውቅም፤ ከኦዩና ጋር ተጠፋፍተናል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ብርቱ ሰው አይቻለሁ፤ የሚወዱትን ቤት ያን ሁሉ ዘመን ከደጅ ሆነው የጠበቁትን እኚያን ሽማግሌ ያህል ያከበርኩት ግን የለም።

«የቱን እንይ ታዲያ?» አለችኝ።

«ሁሉንም እዪ። ስትገቢ ግን ቀስ ብለሽ ግቢ።»