አክስቴ ስፒል የምትሰካበት ደረት

ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ስትሠራ ስፒሎቿን የምትሰካው ቀሚሷ ደረት ላይ ነው። በካንሰር ምክንያት የተቆረጠው የግራ ጡቷ በሲሊኮን ከተተካ በኋላም አመሏን አልተወችም። ከዓመታት በኋላ በምርመራ ሲሊኮኑ ተቀዶ ሲገኝ፣ እናቴ "ይኸው፣ በስፒልሽ ወጋሽው" ብላ ተቆጣቻት።

ሐኪሙ ግን "ስፒሉ አይደለም፤ ሲቆይ ሳያምም፣ ሳይታወቅም ሊቀደድ ይችላል። አውጥተን በአዲስ እንተካልዎታለን" አላት።

"አውጡልኝ፤ መተኪያው ግን ይቅርብኝ።"

"ሰው ምን ይላል?" አለች እናቴ።

"ምን አገባው? የሰውን ልክ የምወስደው እኔ ነኝ፤ የኔን ሰው አይወስድልኝም።"

ከሕክምናው ስታገግም ቀሚሶቿን ሁሉ በግራ በኩል አጠበበቻቸው። ስፒሎቿ ዛሬም እዚያው፣ ዝርግ ደረቷ ላይ ተሰክተዋል። "ምስኪን" ብሎ የሚያቅፋት መወጋቱ አይቀርም።