የልደታው ልብስ ሰፊና የፉሪዋ እፉኝት

ከልደታ ማርያም ጀርባ ኃይለመለኮት የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ከጨርቅ በቀር የቀደደው፣ ከመርፌ በቀር የወጋበት ነገር የለም። ወሬውን የሰማ ሰው ግን ኦጋዴን ድረስ ዘምቶ ዘንዶ በእጁ አንቆ የገደለ ጀግና ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ያደረው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በቅሎው ጠፍታበት።

ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ከሰዉ ግማሹ ጫካ ገባ፣ ግማሹ እስር ቤት ገባ፤ ኃይለመለኮት ስፌት መኪናው ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ዓመት የጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን የፋሽስት ወታደሮች ቁልፍ ይተክል ነበር። ወቃሽ ሲመጣበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁልፉን ሆን ብዬ አላልቼ ነው የምተክለው» ይላል። እንግዲህ አርበኝነትም በየዓይነቱ ነው፤ የሮማ መንግሥት ቁልፉ ረግፎ፣ ሆዱ ታይቶ፣ አፍሮ እንዲመለስ የተሸረበ ሴራ መሆኑ ነው።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የጣሊያኑ መሬት ለኪ ሰዎች መጥተው የኃይለመለኮትን አጥር በር በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ትርጉሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀይ የተቀባ ቤት ለነጮቹ መንገድ ሊሆን ግንቦት ሳያልቅ ይፈርሳል። ቤቱ ከአባቱ የወረሰው ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። ከዚያ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚለው የለውም፤ ሚስቱ ሀረገወይን እንኳ የራሷ ነበረች።

«በሉ እንግዲህ» አለችው ወገቧን ይዛ፤ «ያ ዘንዶ ያነቀው እጅዎ ይህን ቀለም ይፋቅልን።»

መዳኛው ባልታሰበ በኩል መጣ። ለኪው፣ ሲኞር ፓስኳሊ የሚባለው፣ ስድስቱን ቀን የሰው ቤት በገመድ እየለካ ያስፈርሳል፤ እሑድ ሲሆን ደግሞ እባብና እንሽላሊት ፍለጋ ዱር ለዱር እየዞረ ፎቶግራፍ ያነሳል። አሮጊት ከነምድጃዋ ሜዳ ላይ ስትጣል አይቶ ዓይኑን የማያሽ ሰውዬ፣ እንሽላሊት እንዳትደነግጥበት በእግሩ ጣት ነው የሚራመደው። አስተርጓሚው ፈቃደ የዘንዶውን ወሬ በወይዘሮ የሻረግ ጠጅ ቤት ስንት ጊዜ ሰምቷልና ለጌታው ነገረው። ፓስኳሊም፣ ይህ ሰው በሕይወት ያለች እፉኝት አሳይቶኝ ፎቶዋን ካነሳሁ ቀዩን ምልክት አስፍቅለታለሁ ብሎ ቃል ገባ።

ኃይለመለኮት ይህን ሲሰማ እግሩ ወደ ጓዳ አፈገፈገ፤ አፉ ግን መች አፈግፍጎ ያውቃል። «እፉኝት ብቻ? ምነው አነሰሳ!» አለ።

እሑድ በማለዳ ሦስቱ ወደ ፉሪ ተራራ ተነሡ። ፓስኳሊ ሰፊ ባርኔጣውን ደፍቶ ካሜራውን አንግቷል። ፈቃደ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸክሟል። ኃይለመለኮት የወይራ ዱላውን ይዞ ከፊት ይመራል፤ የሚመራቸው ግን እባብ ዝር አይልበትም ብሎ ባመነው በሜዳው በሜዳው ነበር።

«ጋሼ፣ እፉኝት እንዲህ ገላጣ ላይ ይገኛል እንዴ?» አለ ፈቃደ።

«ዝም በል፤ ጠረኗን እያሸተትኩ ነው።»

ተራራው ሥር ሲደርሱ አንዲት እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ተገኘች። ፓስኳሊ ባርኔጣውን አወለቀ፤ በሆዱ ተኛ፤ እየተሳበ ሄደ። አገር በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ የያዘው ጦር እንግዲህ ይኸውላችሁ፣ ጣት በምታህል ፍጥረት ፊት በሆዱ ይሳባል። እንሽላሊቷ አንድ ጊዜ አየችውና ጀርባዋን ሰጥታው ጉድጓዷ ገባች። የልደታ ሰው ያላደረገውን አደረገች።

ቀጥሎ የተገኘችው እስስት ነበረች። ፓስኳሊ አንስቶ ትከሻው ላይ ሲያስቀምጣት ኃይለመለኮት አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«ምነው ጋሼ፣ ጥርስዎን አመመዎት?»

«እስስት ጥርስህን ካየች ይረግፋል» አለ ከጋቢው ውስጥ።

«ታዲያ ለሲኞሩ ልንገረው?»

«ተው! የእሱን ታርግፈው።»

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ኃይለመለኮት ደከመው። ጋቢውን ሰብስቦ አንድ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ሲል ድንጋዩ እፍ አለ። እፉኝት ነበረች፤ የሰው ክንድ የምታህል፣ ቢጫና ጥቁር ጥልፍ ያላት፣ ተጠቅልላ የተኛች። ሰውዬው እንዴት ዘሎ ከፓስኳሊ ኋላ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አያውቅም። ፓስኳሊ ግን ደስታው ወሰን አጣ፤ ማቆሚያውን ተከለ፣ የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ በራሱ ላይ ጣለ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ ብሏል» አለ ፈቃደ በሹክሹክታ። «ቤትዎ ተረፈ፣ ጋሼ!»

ከኃይለመለኮት የሚፈለገው ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተካነበት ሙያ። ችግሩ እናቱ ናት። ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ፣ እባብ አይቶ ጭንቅላቱን ሳይቀጠቅጥ ያለፈ ሰው ማርያም ፊቷን ታዞርበታለች፣ የገደለ ግን የሰባት ቀን ኃጢአቱ ይሰረይለታል እያለች ነው ያሳደገችው። እፉኝቷ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። የኃይለመለኮት እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ተነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ «በስመ አብ!» ብሎ ወረደባት። የመጀመሪያው ምት ድንጋዩን፣ ሁለተኛው ሣሩን፣ ሦስተኛው ጭንቅላቷን አገኘ። እፉኝት ሰነፍ ፍጥረት ሆና እንጂ እስከዚያ ፉሪን ተሻግራ ነበር።

ፓስኳሊ ከጨርቁ ውስጥ ወጥቶ ጮኸ፤ ባርኔጣውን መሬት ላይ ረገጠ።

«ስለ እናትዎ ነው የሚያወራው» አለ ፈቃደ። «ልተርጉመው?»

«ተወው፣ ገብቶኛል። ስለ ቤቴስ ምን አለ?»

ስለ ቤቱ ምንም አላለም። ፓስኳሊ ፀሐይዋን አየ፣ ሬሳዋን አየ፣ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ተንበርክኮ እፉኝቷን መልሶ ጠቀለላት፤ የተቀጠቀጠውን በሣር ሸፈነ፤ አንገቷን በእንጨት ደግፎ ቀና አደረገ። የሞተ ነገር አቁሞ ሕያው ነው ማለት ለሮማ መንግሥት አዲስ ሙያ አይደለም። ስድስት ፎቶግራፍ አነሳ። ሲጨርስ በፈቃደ በኩል፣ «እፉኝቷ በሕይወት ነበረች። ከአፍህ ሌላ ቃል ከወጣ ቤትህ ይፈርሳል» አለው።

በማግሥቱ ለጣሊያን ያደረ አንድ አስካሪ ወታደር መጥቶ ቀዩን ምልክት በላምባ ፋቀው። ሀረገወይን በሩ ላይ ቆማ ስታይ ዋለች። «ዕድሜ ልክዎን ሲያወሩ ያላቆሙትን ቤት ዝም ብለው አቆሙት። እባክዎ ዝምታውን እንደያዙት ይሙቱ» አለችው።

ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ከሳ። ደንበኛ ሲመጣ ወሬው ጉሮሮው ላይ ይደርስና በመርፌ ጣቱን ወግቶ ይመልሰዋል።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ከሰዓት ፈቃደ የጣሊያን ጋዜጣ ይዞ የሻረግ ጠጅ ቤት ገባ። እፉኝቷ ገጹ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ጠጪው ከቦት እየተረጎመ አነበበው፤ «ጀግናው ሲኞር ፓስኳሊ በሕይወት ያለችውን እፉኝት እጁ ሊደርስባት ጥቂት እስኪቀር ቀረባት። ፈሪው የአገሬው መንገድ መሪ ግን ዛፍ ላይ ወጥቶ አለቀሰ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ያ ዘንዶ እንዴት ሞተ ታዲያ?» አለ አንዱ።

«ኃይለመለኮት ሲሮጥ ረግጦት ነዋ!» አለች የሻረግ ብርሌውን እየሞላች።

ኃይለመለኮት አንዱን ብርሌ ጠጥቶ ቀዩን ቀለም አሰበ። ሁለተኛውን ጠጥቶ ሀረገወይንን አሰበ። ሦስተኛውን ጠጥቶ ምንም አላሰበም። ተነሣና፣ «ሬሳ ነው ያነሳው! በእንጨት ተደግፋ ነው! የገደልኳት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ!» አለ። አገዳደሉንም በዱላው ሲያሳይ የየሻረግን አራት ብርሌ ሰበረ።

ወሬው ሳይመሽ ሰንጋ ተራን አለፈ። አስካሪዎቹ ፓስኳሊን ከጀርባው «ሬሳ አንሺው» ይሉት ጀመር። በማግሥቱ ጠዋት ቀዩ ምልክት የኃይለመለኮት በር ላይ ተመልሶ ነበር፤ አሁን ግን ሁለቴ ተደርቦ የተቀባ፣ በሩን የሞላ።

ቤቱ በፈረሰ ቀን ባልና ሚስት ስፌት መኪናውንና ሁለት ጥቅልል ልብስ ይዘው መንገዱ ዳር ቆመው ያያሉ። ግድግዳውን የሚገፋው አስካሪ ኃይለመለኮትን አወቀውና መዶሻውን ተደግፎ ጠየቀው፤

«እፉኝቷን የገደልካት አንተ ነህ አሉ?»

የኃይለመለኮት ደረት ቀስ ብሎ ተነፋ። ከኋላው ጣራው ወረደ፤ አቧራው ጋቢው ላይ ሰፈረ።

«አዎ» አለ፤ «በአንድ ምት።»

«ቤታችንንም ጨምረው ነው» አለች ሀረገወይን፣ ስፌት መኪናውን ወደ ጀርባዋ እየሳበች።