የዋርያንቲ ግራጫ መታጠቢያ ቤት

ዋርያንቲ ግራጫ ቀለም ስትወድ ለጉድ ነው። በዚህ የሚፈርድባት ካለ አንድ ቀን ወንበሯ ላይ ይቀመጥ። ሳላቲጋ ከተማ ውስጥ ከባያ የሚሉትን የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ ሴት ቀኑን ሙሉ ከብርቱካንማ፣ ከሮዝና ከወርቃማ ጨርቅ ጋር ስትታገል ነው የምትውለው። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቷን ስታሠራ ወለሉም ግራጫ፣ ግድግዳውም ግራጫ፣ የውሃ ገንዳውም ግራጫ ሆነ። አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች ገብተው አዩና፣ «እዚህ የሚገባ ሰው ታጥቦ ነው የሚወጣው ወይስ ተገንዞ?» ብለው ሳቁባት። ይሳቁ። እሷ ከሥራ በኋላ በሩን ዘግታ ስትቀመጥ ዓይኗ ያርፋል።

እናቷ ባረፉ ጊዜ አባቷን ፓ ካርሶኖን ለምና አስለምና ከሚኖሩበት ከክዱንግጃቲ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። ዕድሜያቸውን የባቡር መሻገሪያ በር ሲዘጉና ሲከፍቱ የኖሩ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። አዲሱን መታጠቢያ ቤት በኩራት ከፍታ አሳየቻቸው።

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ቆንጆ ነው ንዱክ፤» አሉ። ሴት ልጃቸውን የሚጠሯት እንዲህ ነው። «በጣም ቆንጆ ነው።»

የእኛ አገር አባት «ቆንጆ ነው» ሲል ወዶት ይሁን ልጁ እንዳይከፋት ብሎ፣ ፊቱን አይቶ የሚለይ ሰው አልተወለደም። ዋርያንቲም አልለየችም።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ጎረቤቷ ቡ ጊየም ከዋርያንቲ ቤት ቴምፔ የሚሉት የአኩሪ አተር ምግብ የተላከበትን ሳህን ልትመልስ መጣች። ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ነውና የተጠበሰ ሙዝ ሞልታበታለች። ከሳህኑ ሥር ግን ተጣጥፎ የተቀመጠ የፓ ካርሶኖ ፎጣ ነበር።

«ነፋስ ነው መሰለኝ ወደ እኛ ጓሮ ያመጣው፤» አለች ቡ ጊየም፣ ዓይኗን ከሙዙ ሳታነሳ።

«ነፋስ እርጥብ ፎጣ ያነሳል እንዴ?»

«የእኛ ሰፈር ነፋስ ጎበዝ ነው ልጄ። ጠዋት ጠዋት ሳሙናም ይዞ ይመጣል።»

ከዚህ በላይ አፍረጥርጦ መናገር በሰፈሩ ደንብ ስድብ ነው፤ ለዋርያንቲም ይኸው በቂዋ ነበር። አባቷ ገላቸውን የሚታጠቡት ጎረቤት ጉድጓድ ዳር ነው! ፊቷ ጋለ። ሰው ምን ይላል? ከሰውም በላይ፣ ምን አስቀይሟቸው ይሆን?

«አባዬ፣ መታጠቢያ ቤቱ አልተመችዎትም?» አለቻቸው እራት ላይ።

«ይቀዘቅዛል ንዱክ። ይቀዘቅዛል።»

የመርባቡ ተራራ ውሃ ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው። ግን የቡ ጊየም ጉድጓድም ውሃው ከዚያው ተራራ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ዋርያንቲ ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ጣለች። ነጩን አምፖል አውጥታ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ያለው አስገባች። ክሬም ቀለም ያለው ፎጣ ሰቀለች፣ የአሸዋ ቀለም ምንጣፍ አነጠፈች፣ የእንጨት መቀመጫ አኖረች፣ በሸክላ ማሰሮ አንዲት ተክል ጥግ ላይ አስቀመጠች። ሁሉም ለዘብ ያለ፣ ሁሉም ከግራጫው ጋር የተስማማ። ክፍሉ እውነትም ሞቀ። ፓ ካርሶኖ አዩትና «ቆንጆ ነው» አሉ። በማግስቱ ፎጣቸውን ይዘው በጓሮ በር ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ፣ «እሁድ ጉናዲ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ ወደ ቤቴ ይመልሰኛል፤» አሉ። ጉናዲ ታላቅ ወንድሟ ነው።

«ብቻዎን? እዚያ ማን አለዎት?»

«ቤቴን አውቀዋለሁ።»

ዋርያንቲ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እናቷ የሌሉበት ባዶ ቤት ውስጥ አባቷ ብቻቸውን ሲቀመጡ ታያት።

ዓርብ ዕለት ሻይ የፈሰሰበትን የሙሽራ ጨርቅ አጥባ፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ የገንዳው ጠርዝ ላይ ጣል አደረገችው። ደማቅ ብርቱካንማ ነው። ውጪ ዶፍ ይዘንባል፤ ጎረቤት መሄድ አይታሰብም። ፓ ካርሶኖ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡና መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ወለሉ ከኮሪደሩ ዝቅ ይላልና እግራቸውን ወደ ፊት ልከው ደረጃውን በጣታቸው ፈለጉ። ዋርያንቲ ከወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ታያቸዋለች። ከወረዱ በኋላ ግን ቀና አሉና፣ ቀጥ ብለው ሄደው እጃቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉ።

«ብርቱካን፤» አሉ ለራሳቸው፣ ፈገግ ብለው።

ቀጥሎ እጃቸው የውሃ መቅጃውን ፈለገ። መቅጃው ፊታቸው ተሰቅሏል፤ እሱም ግራጫ ነው። እጃቸው ግድግዳው ላይ ሄደ፣ መጣ፣ አለፈው።

ዋርያንቲ ቢላዋውን አስቀመጠች። ለካ ወለሉም ደረጃውም ገንዳውም ለአባቷ አንድ ጉም ነው! የቡ ጊየም ጉድጓድ ዳር ያለው ቀይ ባልዲ ግን በፀሐይ ከሩቅ ይታያል። እሷ ደግሞ ጉሙ ላይ ክሬምና አሸዋ ስትጨምርበት ከርማለች። በራሷ ተናደደች። ግን «አይታይዎትም እንዴ?» ብላ የምታሳፍራቸው ልጅ አይደለችም።

«አባዬ፣» አለች ገብታ፣ «ይሄ ግራጫ ሰለቸኝ። ላስቀባው ነው። ደረጃውን ምን ላድርገው?»

እጃቸውን ከግድግዳው አውርደው ወደ እሷ ዞሩ።

«ቀይ። መሻገሪያው ላይም ሰው የሚቆመው በቀይ ነው።»

«ገንዳውስ?»

«ቢጫ። መቅጃው ደግሞ የፈለገው ዓይነት ይሁን፣ ብቻ ይጩህ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አወቅሽብኝ አይደል?» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

«ቆይቷል። እናትሽ ስለነበረች አልተቸገርኩም።»

ዋርያንቲ በሩን ተደገፈች። የእናቷ ድምፅ መጣባት። ሻይህ በቀኝህ ነው፣ ደጁ ረጥቧል፣ ጉናዲ መጥቷል፣ ሸሚዝህን ገልብጠኸዋል። ልጆቹ ሁሉ «የእናታችን አፍ አያርፍም» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አባታቸው ግን አንድም ቀን «ዝም በይ» ብለዋቸው አያውቁም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዲህ ቆንጆ አድርገሽ ሠርተሽው፣ እንዴት ብዬ አይታየኝም ልበልሽ?»

«ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«እንሄዳለን፤» አሉ። ስለ እሁድ መጠየቅ ግን ፈራች።

ቅዳሜ ቀለም ቀቢው ጨርሶ ወጣ። ደረጃው ቀይ፣ የገንዳው ጠርዝ ቢጫ፣ መቅጃው ከገበያ የመጣ የሚያብረቀርቅ ሮዝ። ሰፊዎቹ ሴቶች «ሠርግ ቤት አደረግሽው!» ብለው አጨበጨቡ። አልዋሽም፣ ዋርያንቲን ቅር አላት። ዓይኗን የምታሳርፍበት ቦታ ሄደ።

እሁድ የጉናዲ መኪና በሩ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። የአባቷ ሻንጣ ታስሮ ሳሎን ተቀምጧል፤ እሳቸው የሉም። ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማችና ሮጣ በሩ አጠገብ ቆመች።

«አባዬ፣ ሳሙናው በግራዎ ነው! ፎጣው ከበሩ ጀርባ ነው፣ ሲወጡ ደግሞ ወለሉ ረጥቧል፣ ቀስ…»

«አየሁት! ሁሉንም አየሁት!» ጮኹ ከውስጥ።

ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ።

«ጉናዲ መጥቷል አባዬ። ምን ልበለው?»

ውሃው ለአፍታ ቆመ።

«ገላዬን እየታጠብኩ ነው በይው፤» አሉ። «ምሳውን አብይውና ይሂድ።»