እንሂድ፤ ይሞቃል

አጎቴን የምታውቁ ሁሉ መዳፋቸውን ታስታውሳላችሁ። የማይነሣ ሞተር ብስክሌት ልንገዛ ስንጠራቸው፣ ካንዴላውንም ሰንሰለቱንም ከማየታቸው በፊት መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ ነበር።

አምና ልጄ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር፣ አንድ ጣሊያናዊ ትቶት የሄደ ርካሽ ሞተር ብስክሌት አገኘ። ለሥራ በየቀኑ የእንጦጦን ዳገት ሊወጣበትና ሊወርድበት ነው። እኔ ፍሬኑን ፈርቼ አጎቴን ይዣቸው ሄድኩ። ሻጩ፣ "ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነሣም" አለን። አጎቴ መዳፋቸውን አሳረፉና፣

"መጨረሻ የነዳው ሰው በእግሩ ነው የወረደው?" ብለው ጠየቁት።

ሻጩ መሬት መሬት እያየ፣ "በቃሬዛ ነው" አለ።

"እንሂድ ልጄ፤ ይሞቃል" አሉኝ።

ሞተሩን ብነካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። "ኧረ አጎቴ፣ በረዶ ነው" ስላቸው፣ "ያንቺ እጅ ገና ነው" ብለው ሳቁብኝ። አልገዛነውም። እሳቸውም በፍልሰታ አረፉ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቀበና ሌላ አገኘ። ጥላ ሥር የቆመ፣ ሸረሪት ያደራበት ነው። ፍሬኑን ከማየቴ በፊት እጄን አሳረፍኩ፤ ሞቀኝ። ልጄም ነካውና፣ "እማዬ፣ በረዶ እኮ ነው" አለኝ።

እውነት ይሞቃል ወይስ ፍርሃቴ ነው ብዬ አጎቴን ልጠይቃቸው ዘወር አልኩ። ሁልጊዜ በሚቆሙበት በቀኝ ጎኔ ማንም አልነበረም።

"እንሂድ" አልኩት ልጄን። መዳፌ ግን እስካሁን አልበረደም።