የግራው የኋላ በር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ልጅ ነበርኩ፣ ዛሬም ያው ነኝ። ይህን ነገር ግን በአፌ ብጀምረው ግማሹን እንደምውጠው ስለማውቅ መጻፉን መረጥኩ።

ቤታችን ወረታ ዳር፣ የፎገራ ሜዳ የሚጀምርበት ላይ ነው። ከአጥራችን ወዲያ ሩዝ ነው፣ ከሩዙ ወዲያ ሰማይ። ክረምት ሲበረታ ውሃው መጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ሰማዩ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አይታወቅም። አባቴ መኪናውን የገዛው ለዚህ ወቅት ብሎ ነው። አራቱም ጎማው የሚጎትት፣ ከኋላው እንደ ቤት የረዘመ፣ ሰውም እህልም የሚጭን አሮጌ መኪና ነው፤ እኛ ፎርዊሉ እንለዋለን። ሐሙሲት ያለ አንድ ሰው ነው የሸጠለት። «ውሃ ነክቶት አያውቅም» ብሎ ነበር ሰውየው። ባጃጅ በማይገባበት ቀበሌ ሁሉ አባቴ በእሱ እየገባ ምጥ የያዛትን ሴት፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የተዝካር ጠላ ሲያመላልስ ኖረ።

ከዚያ ዓይኑ ጠፋ። ቀስ በቀስ ጠበበበትና በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ጨለመ። አይመለስም አሉን ሐኪሞቹ። መንዳቱ ለታላቅ ወንድሜ ሆነ፤ እሱ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፣ ክረምት ላይ ሰው ሲጠራው ደግሞ በፎርዊሉ ይወጣል። ጥገናው ግን ለእኔ ደረሰ። ማንም አልሰጠኝም። ድሮም መፍቻ የማቀብለው እኔ ስለነበርኩ፣ አባቴ ማየት ሲያቅተው እጁ ሆንኩ።

እሱ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከመኪናው ሥር እገባለሁ። «ቡሎኑ ሲጠብቅ ድምፁ ይወፍራል፤ ሲወፍር ተይው» ይለኛል። ዘይት መቀየሩን፣ ግራሶ መቀባቱን፣ የፍሬኑን ሸራ ማውጣቱን ሁሉ እንዲህ በጆሮው አስተማረኝ። የመኪናውን ክብደት ከሚሸከመው ባሌስትራ አንድ የተሰበረ ቅጠል ብረት አውጥተን ሌላ ጨመርንበትና መኪናው ከኋላው ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ የሠራነው ትልቁ ነገር የአየር መሳቢያው ነው። ሞተር ውሃ ከጠጣ አለቀለት፤ ስለዚህ ከተጣለ የመስኖ ፓምፕ ላይ ቱቦ ቆርጠን፣ ከሞተሩ ኮፈን ጎን አውጥተን በፊት መስተዋቱ ጠርዝ እስከ ጣሪያው አወጣነው። መጋጠሚያውን በጎማ ላስቲክ ጠቅልዬ በሽቦ ሳስር ወንድሜ ከባጃጁ ወርዶ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«እህቴ ጋራዥ ከፈተች» አለ። «ጥፍርሽን ያየ ባል ግን ካሳ ይጠይቀናል።»

«አንተ ጥፍርህ ንጹሕ ነው፣ ማን አገባህ?» አለው አባቴ።

እኔ ከሥር ሆኜ ሳቅሁ። ሰው የማያየኝ ቦታ ስሆን እስቃለሁ።

ያልሠራነው የግራውን የኋላ በር ነበር። መስተዋቱ ወርዶ በሩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ እኛ ላስቲክ ለጥፈን ተውነው። «እሱን በመጨረሻ» ይል ነበር አባቴ ሁልጊዜ። ለምን በመጨረሻ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ክረምቱ የገባ ሰሞን አንድ ቀን ምሳ እየበላን እጁን ከትሪው መለሰ።

«መኪናው ውስጥ ማነው ያለ?»

«ማንም የለም አባየ።»

«በር እየመታ ነው።»

ተነሥቼ ወደ ደጅ ስል እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። «ቀትር ነው፤ ተቀመጭ» አለችኝ።

በእኛ አገር ቀትር ላይ ውሃ ዳር አይኬድም። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም የውሃው ባለቤቶች ይወጣሉ ይባላል። ከብት ጠባቂው እንኳ ከብቱን ከውሃ ያርቃል። ክረምት ላይ ደግሞ ውሃው እስከ መኪናው የቆርቆሮ ጥላ ድረስ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀትር ሲሆን መፍቻዬን ጥዬ ቤት መግባት ልማዴ ነው። ያን ቀንም ተቀመጥኩ።

በማግስቱም ሰማ። ከዚያም ወዲያ። ሁልጊዜ ምሳ አካባቢ ነው። እናቴ አትሰማም፣ እኔም ቤት ውስጥ ሆኜ አልሰማሁም። ወንድሜ ማታ ሲመለስ በሮቹን ሁሉ ከፈተ፣ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ መኪናውን በትከሻው ነቀነቀው።

«ይኸው አባየ፣ ተሳፋሪ የለም» አለ። ከዚያ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ «ማነህ ወዳጄ፣ ሂሳብ» አለ እንደ ሥራው።

አባቴ አልሳቀም። «ከግራ በኩል ነው። ከኋላ» አለ። ቆየት ብሎም «እጁ ትንሽ ነው» አለ።

ወንድሜ ከመኪናው ወረደና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ያን ምሽት ሌላ ቀልድ አልተናገረም።

እኔም የበኩሌን ፈለግሁ። ቱቦው ውስጥ ንፋስ ገብቶ ይሆናል ብዬ አፉን በጨርቅ ደፈንኩት። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላልቶ ይሆናል ብዬ በሽቦ አሰርኩት። ነገር ግን ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው የማየው፤ ወንድሜም እንደዚያው። በተባለው ሰዓት እኔና እናቴ ቤት ነን፣ እሱ ከተማ ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ማንኛችንም አላሰብነውም።

አባቴ እየተለወጠ መጣ። እህል ይተው ጀመር። እናቴ እያለቀሰች ብትከለክለውም በዱላው እየዳበሰ ሄዶ ከመኪናው አጠገብ ይቀመጣል። አንድ ቀን በሩን በመዳፉ እያሻሸ «ቆይ፣ ይከፍቱልሃል» ሲል ሰማሁት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወንድሜ ሁላችንንም አስቀመጠን። ፍልሰታ እንደተፈታ አባየን ጣራ ገዳም ወስደን ጠበል እናስጠምቀው፣ እስኪሻለው እዚያው ይቆይ፣ መኪናውን ደግሞ በታትኖ ለመለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ይወስደዋል አለ። ክፋት አልነበረበትም።

«ጠበሉን አልጠላም» አለ አባቴ። «እዚያ ግን ደረጃውን አላውቀውም። በሩ የት እንደሆነ አላውቀውም። እዚህ ሁሉን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አንቺስ? ትሰሚዋለሽ?»

«አልሰማሁም አባየ» አልኩት። እውነቱ እሱ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን አጥቶ ጆሮውን ይዞ የኖረን ሰው፣ ጆሮህም የለም ያልኩት እኔ ነኝ።

የፍልሰታ ጾም ገባ። በፍልሰታ ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ ሰፈሩ በዚያ ሰዓት ባዶ ይሆናል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ስለያዘ አባቴ መሄድ አልቻለም፤ አንድ ቀን እኔ ልጠብቀው ቀረሁ። ወንድሜም ባጃጁን አቁሞ ከእናቴ ጋር ሄዷል።

ሰማዩ ደመና ነበር። ፀሐይ የለም፣ ንፋስም የለም። ይህን አስተውዬ ነው የምጽፈው፤ ቆርቆሮ በሙቀት እንደሚጮህ አውቃለሁና። ውሃው ከጥላው ሥር ደርሶ እንደ መስተዋት ቆሟል። እንቁራሪቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮሁ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። አጥሩ ላይ የታሰረችው ላማችን ማመንዠኳን ትታ ወደ መኪናው ዞረች።

አባቴ ከደጃፉ መደብ ላይ «መጣ» አለ።

እግሬ ቤት ግቢ ግቢ ይለኛል። እናቴ ብትኖር ኖሮ በገባሁ ነበር። አባቴ ጣራ ገዳም ላይ በማያውቀው ደረጃ ዱላውን ሲዘረጋ ታየኝና ወደ መኪናው ሄድኩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሜ ትንፋሼን ያዝኩ።

ኳ ኳ አለ። ዝም። ደግሞ ኳ ኳ።

ጠንካራ አይደለም። ልጅ በጣቱ አንጓ የሚያንኳኳ ያህል ነው። መዳፌን በሩ ላይ ባደርገው ከውስጥ ወደ መዳፌ መጣ።

«ሰማሁት አባየ» ብዬ ጮህኩ። እኔ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም።

«እንግዲያውስ ክፈቺለት» አለኝ፤ ቡሎን ፍቺ እንደሚለኝ ሆኖ።

ካቻቢቴ አመጣሁና በሩን ከፈትኩ። የበሩን የውስጥ ሽፋን የያዙት ቡሎኖች ዝገዋል፤ አንዱን ፈታሁ፣ ሌላው ተሰበረ። እሱ ከመደቡ ሆኖ «አትቸኩይ፣ ከታች ጀምሪ» ይለኛል። ሽፋኑን ስስበው ጭቃ ፈሰሰ። የደረቀ፣ ዱቄት የሆነ የቆየ ጭቃ ነው፤ የሩዝ ገለባ ተደባልቆበታል። በበሩ ሆድ ውስጥ ውሃው የቆመበት መስመር እስከ መስተዋቱ አፍ ድረስ ይታያል። ውሃ ነክቶት አያውቅም የተባለው መኪና አንድ ዘመን ላይ እስከ መስኮቱ ሰጥሞ ነበር።

መስተዋቱን የሚያወጣው ብረት ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል። ማተብ ነው፤ ከጫፉ የእንጨት መስቀል ያለው ጥቁር ክር። አይወዛወዝም። ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ሳወርደው አየሁት፤ ጭቃ አልነካውም።

እናቴና ወንድሜ ከቅዳሴ ሲመለሱ አባቴ መስቀሉን በእጁ ይዞ፣ እኔ በሩን እያጠብኩ አገኙን። ወንድሜ የጭቃውን መስመር በጣቱ ተከተለው። ከዚያ ማተቡን አየ። መጥቶም አባቴ እግር ሥር ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«የትም አትሄድም አባየ» አለው።

አመሻሹ ላይ የንስሐ አባታችን መጡ። ክሩን ወደ ብርሃን አድርገው አገላበጡት፣ በጣቶቻቸው ዘረጉት። በክሩ ቀለበት የእኔ እጅ እንኳ ተጨንቆ ነው የሚያልፈው።

«ክርስትና የተነሣ ሕፃን ማተብ ነው» አሉ። «ቋጠሮው አልተፈታም። ክሩም አልተቆረጠም።»

«ታዲያ ከአንገቱ በምን ወጣ አባ?» አለች እናቴ።

እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና ይዘውት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሐሙሲት ሄዶ ሻጩን የጠየቀው ወንድሜ ነው፤ ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፣ ቤተሰቡም ስለ መኪናው የሚያውቀው የለም።

ከዚያ ወዲህ ማንኳኳቱ ቆመ። አባቴ እህል መብላት ጀመረ። ወንድሜ በታትኖ የሚሸጠውን ሰው ደውሎ አሰናበተው፤ ቀትር ላይም ከከተማ መጥቶ ከአባቴ ጋር ምሳ መብላት ለመደ። «ሂሳብ» የሚለውን ቀልድ እኛ ቤት ደግሞ አልተናገረውም። እኔ ለበሩ ሌላ መስተዋት ገጠምኩ፣ ማንሻውን ግራሶ ቀባሁ፣ ከሥሩ የዛገውን በቆርቆሮ ደፈንኩት። አሁን በአንድ እጅ ይዘጋል፤ ድምፁም ወፍራም ነው፣ አባቴ እንደሚወደው።

አንድ ጊዜ ብቻችንን ስንሆን «ሄደ አይደል አባየ?» አልኩት።

«ዝም ብሏል» አለኝ።

መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ፎርዊሉን ለመሞከር ወጣን። ወንድሜ ይነዳል፣ አባቴ ከፊት ተቀምጧል፣ እኔ ከኋላ ብቻዬን፣ መሃል ወንበሩ ላይ ወደ ግራው በር ተጠግቼ፣ እግሬን ዘርግቼ። ሜዳው ቢጫ አበባ ለብሷል። ባሌስትራው አይጮህም፣ ሞተሩ ልስልስ ብሎ ይሄዳል፤ ወንድሜ እያፏጨ ነበር። እኔም በሠራሁት ነገር ደስ ብሎኛል፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደርሳለች። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ አየሁትና የላላ ቡሎን ሰምቶ ይሆናል፣ የትኛው እንደሆነ አሁን ይነግረኛል ብዬ ጠጋ አልኩ። አባቴም ወንድሜ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፈገግ እንዳለ ፊቱን ወደ እኔ መለሰና እንዲህ አለኝ፦

«ከግራው በር ራቅ በይ ልጄ፤ ቦታ ልቀቂለት።»